ገፋ ሲያደርጉት የሚዘጋ በር

ሰው ማሽን የሚመታው ሌባ ስለሆነ አይደለም። ሃያ ሦስት ዓመት በብየዳና በቁልፍ ሥራ የኖርኩ ነኝና ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ሌባ ማሽን አይመታም። ሌባ ረጋ ያለ ነው፣ ጊዜ አለው። የሚመታው ድፍን ብሩ የተበላበት ደህና ሰው ነው። በአንድ እጁ ልጅ ታቅፎ፣ በሌላው እርጥብ ብርድ ልብስ አንጠልጥሎ፣ በየትኛው እጁ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ብሩን ያስገባል። ማሽኑ ግር ይልና ይውጣል፤ ከዚያ በኋላ ጭጭ። እናንተስ ብትሆኑ አትመቱትም? እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ መትቻለሁ፣ ያውም በገዛ እጄ የጠገንኩትን።

ነገሩ የሆነው ላውንደሪ ውስጥ ነው፤ ሰው ልብሱን ይዞ መጥቶ ራሱ የሚያጥብበት ዓይነት። ዐሥራ አራት ማጠቢያ፣ ስድስት ማድረቂያ፣ መሀል ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ማጠቢያዎቹ ሳንቲም ካልጎረሱ ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ ከበሩ ትይዩ ግድግዳው ላይ ድፍን ብር እየዋጠ ሳንቲም የሚተፋ የብረት ሣጥን ተሰቅሏል። እኛ ዘርዛሪ እንለዋለን። የቤቱ ጌታ እንዲህ ያሉ አራት ቤቶች አሉት፣ አራት ዘርዛሪ ማለት ነው። ሰውየውን በሌለበት ጋሽ ደረሰኝ ነው የምንለው፤ አንድ ብሎን ገዝታችሁ ብትመጡ ከብሎኑ በፊት ደረሰኙን ነው የሚያየው። ፊት ለፊት ሲሆን ግን «አለቃ» እለዋለሁ፣ አንቱታውም አይቀርም።

ቤቱን የምትጠብቀው የባለቤቴ የመጨረሻ ታናሽ እህት ነበረች። ሚጢጢ እንላታለን፤ ቁመቷ አጭር ስለሆነ ነው እንጂ ሃያ ሰባት ዓመት ደፍናለች። እኔ ነኝ ያስቀጠርኳት። «አለቃ፣ እጇ ንጹህ ነው፣ በእኔ ይሁንብዎት» ብዬ ዋስ ሆኜ ነው ያስገባኋት። ሥራዋ መሬት መወልወል፣ ሰው የረሳውን ካልሲ መሰብሰብና ዘርዛሪው ሲታነቅ ከፍቶ ማላቀቅ ነበር። ብር የተበላበት ሰው ገና እግሩን ለእርግጫ ሲያነሳ ከአጠገቡ ትደርሳለች። «አይዞዎት አባባ፣ አሁን አወጣልዎታለሁ፤ እሱ ጠዋት ጠዋት ይነጫነጫል» ትላለች። ቁልፏን ከአንገቷ አውልቃ ትከፍተዋለች፣ የተጨማደደውን ብር መዛ ታወጣለች፣ ሰውየው ስቆ ይሄዳል። በእሷ ጊዜ ያ ሣጥን አንድ ጭረት አልነበረበትም ብላችሁ እመኑኝ።

ከዚያ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ባዶውን ተገኘ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ገብቶ በሚወጣበት ሰዓት። በመጀመሪያው ቀን ሚጢጢ ምሳዋን ልትበላ ጓዳ ገብታ ነበር። በሁለተኛው ማድረቂያው ኋላ ተንበርክካ የተደፈነ ቱቦ ስታጸዳ ነበር። ሦስተኛው ቅዳሜ ረፋድ ነው፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እሷ ደጅ ላይ ለአንዲት አሮጊት የልብስ ከረጢት ታሸክም ነበር። ጋሽ ደረሰኝ ደወለልኝ። «ቶሎ ድረስልኝ፤ እንዴት እንደሚከፍቱት ንገረኝ» አለ።

ደረስኩ። ምነው ያን ዕለት ምላሴን በቆረጠው!

መነጽሬን አድርጌ ዙሪያውን መረመርኩት። የፒንሳ ንክሻ የለም። የድሪል ቀዳዳ የለም። ጠርዙ አልጎበጠም። ቁልፉን ከሚጢጢ ተቀብዬ ከፈትኩት፤ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። ገፋ አደረግኩት፤ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩና፣ ልብስ የሚያጥበው ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ እንደ ትልቅ ሐኪም ጉሮሮዬን ጠርጌ «ይሄ አልተሰበረም። በቁልፍ ነው የተከፈተው» አልኩ።

የዘርዛሪው ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ጋሽ ደረሰኝ ቤት፣ ካዝና ውስጥ። ሌላው ሚጢጢ አንገት ላይ።

ጋሽ ደረሰኝ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ቁልፉን ሰጠሁት። ሚጢጢ ጋውኗን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «ወይ ጉድ፣ መልኳ እኮ አይመስልም» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። እኔም ደሜ ፈልቶ ነበር። ዋስ ሆኜ ተዋረድኩ፣ የሰው መሳቂያ አደረገችኝ እያልኩ በልቤ እራገማለሁ። በማን ይመስላችኋል የተናደድኩት? በእሷ ነዋ!

ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«እህቴን ሌባ ናት ነው ያልካቸው?»

«እኔ ሌባ ናት አላልኩም። በቁልፍ ተከፈተ ነው ያልኩት።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

አልፌያት ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቤን ታቀርባለች፣ ሸሚዜን ትተኩሳለች፣ ከእኔ ጋር የምታወራው ግን በልጆቹ በኩል ሆነ። «ለአባታችሁ ውሃው ሞቋል በሉት» ትላለች። አጠገቧ ተቀምጬ እኮ ነው! ልጆቹም ለመዱት። ትንሿ «አባዬ፣ ውሃው ሞቋል» ትለኛለች፤ እኔም «ለእናትሽ እሺ በያት» እላለሁ። እንዲህ ሆነን አምስት ሳምንት ኖርን።

ጋሽ ደረሰኝ በሚጢጢ ቦታ ሌላ ሰው አልቀጠረም። «ማሽን ምን ጠባቂ ያሻዋል?» አለ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የዘርዛሪው ፊት የተደበደበ ድስት መሰለ። አንዱ በእርግጫ ሆዱን አጎድጉዶታል። ሌላው ብር ማስገቢያው ውስጥ ማስቲካ ጠቅጥቆበታል። አንዱ ተንኮለኛ ደግሞ የሳሙና ውሃ አጠጥቶት፣ ቀኑን ሙሉ አረፋ ሲያስታውክ ዋለ። እንዲህ ተፈነካክቶም በአምስተኛው ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ ባዶውን ተገኘ።

እናንተ ብትሆኑ «ታዲያ ልጅቷ የለችማ! እሷ አይደለችም ማለት ነው» ትላላችሁ። ጋሽ ደረሰኝ ግን እንደዚያ አላለም።

«አስቀርጻዋለች» አለኝ። ዕለቱ ማክሰኞ ነው። «ቁልፉን ከመመለሷ በፊት አንድ አስቀርጻ አስቀርታለች። ሰኞ ለፖሊስ አመለክታለሁ። አንተ እስከ ዓርብ አራቱንም ዘርዛሪዎች አጠንክርልኝ። ቁልፋቸውን ለውጥ፣ ብረት ጨምርባቸው፣ ታንክ አድርጋቸው። ለፖሊስ የምሰጠው ወረቀት ላይም በቁልፍ ነው የተከፈተው ብለህ ትፈርምልኛለህ።»

እሺ አልኩ። ሥራው ትልቅ ነው፤ በዚያ ላይ የተናገርኩትን አምኜበት ነበር። እውነቴን ነው፣ አምኜበት ነበር።

ረቡዕና ሐሙስ ሦስቱን ዘርዛሪዎች ጨረስኩ። እንዴት እንደሠራኋቸው ካልነገርኳችሁ ነገሩ ይከነክነኛል። ፊታቸውን በአራት ሚሊ ላሜራ ለበጥኩት። ማጠፊያውን ወደ ውስጥ አስገባሁ፤ ውጭ የሚታይ ማጠፊያ ማለት ለሌባ «እዚህ ጋ ቁረጥ» ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ ነው። ሣጥኑን ግድግዳው ላይ የያዙትን ሁለት ደካማ ብሎኖች ነቅዬ በአራት ረጃጅም ብሎን ከኮንክሪቱ ጋር አሰርኩት። የቁልፉን ቀዳዳ በወፍራም የቧንቧ ቁራጭ ከበብኩት፣ ቁልፍ እንጂ ፒንሳ እንዳይገባ። ብር ማስገቢያው ላይ የኮፍያ ጥላ የመሰለ ብረት በየድኩ፤ ውሃ ቢደፉበት ወደ ውጭ ይፈሳል። የምኮራባት ግን ትንሿ መስኮት ናት። ሁለት ጣት የምታህል ወፍራም መስታወት ናት፣ ውስጥ ሳንቲም መኖር አለመኖሩ ይታይባታል። ሰው ሳንቲም ማለቁን በዓይኑ ካየ ብሩን አያስገባም፣ ካላስገባም የሚያናድደው የለም፣ እግሩንም አያነሳም። ይህን ለጋሽ ደረሰኝ እየዘረዘርኩ ሳስረዳው በጽሞና ሰማኝና «ለመስታወቱ ደረሰኝ ይዘሃል?» አለኝ።

ዓርብ ጠዋት የመጨረሻው፣ የሚጢጢ ዘርዛሪ ቀረ። አሮጌውን ቁልፍ፣ በሩ ላይ የተገጠመውን፣ ከነሽፋኑ ፈትቼ አወጣሁትና ቆሻሻ ውስጥ ልወረውረው ስል አውራ ጣቴ ምላሱ ላይ አረፈ። የቁልፍ ምላስ ማለት ከበሩ ጠርዝ ወጥታ በሩን ዘግታ የምትይዘው ቁራጭ ብረት ናት። የሦስቱ ዘርዛሪዎች ምላስ እንደ ሳሙና ቁራጭ አራት ማዕዘን ነበር፤ ቁልፍ ካልዞረ ወዲህ ወዲያ አይልም። የዚህኛው ግን በአንድ ጎኑ ተሞርዶ ሸርተት ብሏል። ከኋላው ደግሞ ተጭነው ሲለቋት የምትመለስ ትንሽ ሞላ ገብታበታለች። ልክ እንደ መኝታ ቤት በር። የመኝታ ቤት በር ቁልፉ ውስጥ ሲቀርባችሁ በምን ትከፍቱታላችሁ? ስስ ነገር በክፍተቱ ሰደድ አድርጋችሁ ምላሱን ገፋ ነው፣ በቃ። ጭረት የለ፣ ስብራት የለ።

«የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ ያደረገው?» ብዬ ጮክ ብዬ ተሳደብኩ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁት። የሞረዱ መስመሮች ከላይ ከቀኝ ወደ ታች ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው። በቀኝ እጁ የሚሞርድ ሰው እንደዚያ አይወጣለትም። እኔ ግራ እጅ ነኝ፤ እነዚህን ዘርዛሪዎች ደግሞ ከእኔ በቀር የነካቸው ባለሙያ የለም።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ዓመት አልፎታል። የሚጢጢ የእጅ አንጓ አብጦ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስትከፍት ስትቆልፍ ትውላለች፣ ቁልፉ ደግሞ ደረቅ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እጄን ገደለኝ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እዚያው ሞረድ አወጣሁ፣ ምላሱን አሸራተትኩት፣ ከአሮጌ የበር ቁልፍ የነቀልኳትን ሞላ ከኋላው ሸጎጥኩ። «ከእንግዲህ መቆለፍ የለብሽም፤ ገፋ ስታደርጊው ራሱ ይዘጋል» አልኳት። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ደስ ብሏት እንደ ሕፃን ሦስት አራት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። ከዚያ «ትንሽ አልላላም እንዴ፣ ጋሼ?» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ! ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?» ብያት ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ። በቃ፣ ረሳሁት። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር በሳምንት ስንቱን እሠራለሁ። ያን ቅዳሜ በሩን ገፋ አድርጌ ቀጭ ሲል እንኳ የእጄ ሥራ ስለሆነ ለጆሮዬ እንግዳ አልሆነም።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። አዲሱን ቁልፍ ገጠምኩ። አሮጌውን ለማንም አላሳየሁም፤ ኪሴ ከተትኩት። ማንም አላየኝም። ያን ቁልፍ አንድ ቦይ ውስጥ ብወረውረው ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ጋሽ ደረሰኝ አንድ ጊዜ ያበላሸበትን ሰው ሁለተኛ አይጠራም፤ የአራት ቤት ጥገና ከእጄ ይወጣል። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና የሰው ልብስ ሲዞር እያየሁ ቆየሁ። «ፖሊስ ቢጠራትም ምንም አያገኝባትም» አልኩ ለራሴ። «ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች» አልኩ። አፈር ልብላና፣ እንዲህ አልኩ።

ለምሳ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ የፖሊሱን ነገር ከማን እንደሰማች እንጃ፣ ፊቷ ጠቁሯል። ሳህኑን ፊቴ አስቀምጣ ወደ ወንበሮቹ ዞረች። «ለአባታችሁ ንገሩት» አለች፣ «ሰኞ እህቴን ፖሊስ ከጠራት አብሬያት እሄዳለሁ። ከዚያም ወደዚህ ቤት አልመለስም።»

ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት ናቸው። የተናገረችው ለባዶ ወንበር ነው። እሷም ዘግይታ ገባት መሰለኝ፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ገፋችው።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። በአምስት ሳምንት ውስጥ በቀጥታ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ነው። ሁሉንም ነገርኳት፣ አግዳሚው ላይ ያሰብኩትንም ሳላስቀር። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። ሳህኑን ከፊቴ አነሳችው።

«ታዲያ ምን ተጎልተህ ትበላለህ? ተነስ!»

ተነሳሁ። ጋሽ ደረሰኝን ከቢሮው ይዤው ወደ ላውንደሪው ሄድን። አዲሱን ቁልፍ ፈታሁ፣ አሮጌውን መልሼ ገጠምኩ፣ በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁት። «ማስመሪያዎን ይስጡኝ» አልኩት፤ ከደረት ኪሱ የማትለይ ስስ የፕላስቲክ ማስመሪያ አለችው። በክፍተቱ ሰደድኳት። ሦስት ሳልቆጥር ተከፈተ።

አፉን ከፍቶ አየኝ። «ወዲህ በላት» ብሎ ማስመሪያዋን ነጠቀኝና ራሱ ሞከረ። በመጀመሪያው አልሆነለትም፣ በሁለተኛው ተከፈተለት። ልብ አላለም እንጂ ፈገግ ብሎ ነበር። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

«ቁልፉን እንዲህ ያደረገው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በማን ፈቃድ?»

«በራሴ። የልጅቷ እጅ ታሞባት ነበር።»

ማስመሪያዋን በመሀረብ ጠራርጎ ወደ ኪሱ መለሳት። «ስለዚህ ለዚህ ሥራ ደረሰኝ የለህም» አለኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ሰውየው ግን የምሩን ነው። «የተወሰደብኝን ሁሉ ከክፍያህ ላይ እቆርጣለሁ።»

«ይቁረጡ።»

«ፖሊሱ ይቅር። ልጅቷም ከፈለገች ሰኞ ትግባ። ግን ይህን ነገር ለነፍስ አባትህ እንኳ እንዳትናገር። ዘርዛሪ በማስመሪያ ይከፈታል የሚል ወሬ ከወጣ የአራት ቤት ሥራዬ መጫወቻ ይሆናል።»

«እሱን የምትወስነው እሷ ናት፣ አለቃ» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ሚጢጢ ከተባረረች ወዲህ የአንድ ቢሮ ሕንፃ ደረጃ ትወለውል ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ተንበርክካ አገኘኋት። ስታየኝ ደንግጣ ተነሳች።

«ጋሼ! በሰላም ነው? እህቴ ደህና ናት?»

ከዚያ ሁሉ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ቤቴ ደህንነት ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ከዘርዛሪው መልሼ የነቀልኩትን አሮጌ ቁልፍ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

«እኔ ነኝ፣ ሚጢጢ። ያኔ የሞረድኩልሽ ነው ጉድ ያደረገሽ...»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ያን ቅዳሜ። በቁልፍ ነው የተከፈተው ስትል።» መወልወያውን ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ነክራ ጨመቀችው። «አሁን ትዝ ይለዋል፣ አሁን ትዝ ይለዋል እያልኩ ጠበቅኩህ። ጋውኔን ሳጣጥፍም ሆን ብዬ ቀስ ብዬ ነበር የማጣጥፈው።»

«ታዲያ አፍሽ የት ሄዶ ነበር? ጋሼ ነው የሞረደው አትይም?» ብዬ ጮህኩባት። አያችሁልኝ? አሁንም በእሷ ላይ ነው የምቆጣው።

«ብልስ ማን ያምነኛል? ራሷን ልታድን የእህቷን ባል አሳልፋ ሰጠች ይሉኛል። ካመኑኝ ደግሞ አንተ ሥራህን ታጣለህ። እህቴ ልጆች አሏት።»

እዚያው ደረጃው ላይ አለቀስኩ። አርባ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ፣ ሪዛም ሰው፣ እንደ ሕፃን ተነፋረቅኩ። ወረቀት የታቀፈ አንድ ሰውዬ ከላይ ሲወርድ አየኝና «ምን ሆኑ?» አለኝ። «ደረጃው እርጥብ ነው፣ አዳልጦኝ ነው» አልኩት። ሚጢጢ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

«ትመለሻለሽ?» አልኳት ሲወጣልኝ።

«እመለሳለሁ። ግን ሰኞ አይደለም፣ ነገ ነው የምመጣው። ቅዳሜ በአራት ሰዓት፣ ቤቱ ሲሞላ። ያን ጊዜ የቆምክበት ቦታ ትቆምና፣ ያን ጊዜ በተናገርክበት ድምፅ ትናገራለህ።»

«ሰውየው ለማንም እንዳይነገር ብሏል።»

«ስሜ የጠፋው እሱ ፊት ብቻ ነው እንዴ? ሠፈሩ ሁሉ ነው የሰማው። ዳቦ ስገዛ እንኳ ባለሱቁ እጅ እጄን ነው የሚያየኝ፣ ጋሼ።» ድምፅዋ ቀጠነ። «እኔ ደመወዙን ብዬ አይደለም። ስሜን መልስልኝ።»

ቅዳሜ በአራት ሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማጠቢያዎቹ ሁሉ ይዞራሉ፣ አግዳሚው ላይ መርፌ የሚጥሉበት ቦታ የለም። ሚጢጢ ጋውኗን ለብሳ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ባለቤቴ ከኋላ ቆማለች። ጋሽ ደረሰኝ በሩ ላይ ተደግፎ፣ ፊቱን አኮሳትሯል፤ ግን አልከለከለኝም። እኔ ዘርዛሪው አጠገብ ቆምኩ።

«እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ!» አልኩ።

አንዳንዱ ቀና አለ። አንዱ ማሽን ልብስ እየጨመቀ መሬቱን ያንቀጠቅጣል፤ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ይህን ማሽን በቁልፍ ነው የተከፈተው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው፣ ቁልፉን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ፣ ማንም በማስመሪያ ይከፍተው ነበር፣ ይህች ልጅ አንድ ሳንቲም አልነካችም አልኩ። አሮጌውን ቁልፍ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። የተሞረደውን በጣቴ አመለከትኩ።

«የትኛዋ ልጅ?» አለ አንድ ጎረምሳ፤ የዚያን ጊዜ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ወደ ዘርዛሪው ጠጋ ብለው በትንሿ መስኮት አጮለቁና «ዛሬስ ዝርዝር አለው?» አሉኝ። አለው አልኳቸው። ብራቸውን አስገቡ፣ ሳንቲማቸውን ለቅመው ሄዱ።

ያን ዕለት ከነበሩት ሦስት አራት ሴቶችን ግን ለየኋቸው። አንዷ፣ ደልደል ያለች፣ ብርድ ልብስ የምታጥብ ሴትዮ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ «ጎበዝ! ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ ጥፋቱን የሚያምን» ብላ እኔን አመሰገነችኝ። እኔን! ከዚያ ወደ ሚጢጢ ሄደች። ጉንጯን ዳበሰቻት። «አይዞሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር እውነቱን አወጣልሽ። እኔ እኮ ድሮም አላመንኩም ነበር» አለቻት። ደስ አለኝ። ባለቤቴን አየኋት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። በቃ፣ ሆነ፣ አልኩ በልቤ።

ሴትዮዋ አጠገቧ፣ ቀድሞ ተቀምጣ የነበረችበት ላይ፣ ተመልሳ ተቀመጠች። የእጅ ቦርሳዋ በእሷና በሚጢጢ መሀል ነበር። ከማጠቢያው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ምንም ሳታስብበት፣ ቦርሳዋን አነሳችና በወዲያኛው ጎኗ አስቀመጠችው። ማንገቻውን እጇ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው።

እኔ አየሁ። ባለቤቴም አየች። ሚጢጢ ከሁላችን በፊት አይታለች። አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት ራሷን ነቀነቀችብኝ፣ ተው አለችኝ። ከአግዳሚው ተነሳች፣ ጋውኗን አስተካከለች፣ መወልወያዋን ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች።

«ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «የሚመጣው ቅዳሜም ና።»

ይኸው አሮጌውን ቁልፍ ይዤ «አንድ ጊዜ ስሙኝ!» ስል ዛሬ ዐሥራ አንደኛ ቅዳሜዬ ነው።